ሶባ ሳልሄድ የሞላሁት ቅጽ

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህንን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ካርቱም ውስጥ ስደተኛ ነበርኩ። አገሬ ሳለሁ ሒሳብ አስተምር ስለነበር፣ ከአውሮፓ የመጡ ተመራማሪዎችና ሱዳናውያን ባልደረቦቻቸው ዐማራት በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ባለው ቢሯቸው መረጃ ሰብሳቢ አድርገው ቀጠሩኝ። የከተማዋ ዳርቻ ሰው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ቤት ለቤት ተጠይቆ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ሞዴል የሚሉት ስሌት ደግሞ ወደፊት የት እጥረት እንደሚብስ ይናገራል፤ መንግሥትም በዚያ ተመርቶ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ለእኔ የደረሰኝ ሶባ የሚባለው የከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ነበር።

ሁለት ቀን ሄድኩ። ሐፍላ የሚሉት ሚኒባስ እየቆመ እየተጎተተ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከወረዱ በኋላ በዚያ ፀሐይ በእግር ነው። በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። ቢሮ ውስጥ ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ የቀሩትን ቤቶች ቅጽ ሞላሁ። እኔ ሞላሁት። ያልረገጥኩትን ደጅ ረገጥኩ፣ ያልጠየቅኋትን ሴት ጠየቅሁ ብዬ ፈረምኩ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቤቶች ለቧንቧ ቅርብ ስለነበሩ የቀሩትንም በእነሱ አምሳል ጻፍኳቸው፤ «ውሃ በቅርብ ይገኛል» እያልኩ።

ፖሊስ ስደተኛ ያፍስ ነበርና ፈርቼ ነው ልበል? ወረቀቴ የታደሰ ነበር። ታምሜ ነበር ልበል? ጤነኛ ነበርኩ። ሰነፍኩ፤ ደግሞም የሰፈሩን ሰዎች ናቅኋቸው።

ቢሯችንን የምታጸዳው ዘሃራ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች። ከልጇ ከሉባባ ጋር የምትኖረው እኔ ባልደረስኩበት የሶባ ጥግ ነው። መምህር እንደነበርኩ ስለምታውቅ በዐረብኛው ኡስታዝ ትለኛለች። አንድ ቀን ወለሉን እየወለወለች፣ «ኡስታዝ፣ እኛ ሰፈር መቼ ነው የሚመጡት? ውሃ ከየት እንደምናመጣ እንዲነግሩዎት ጎረቤቶቼ እየጠበቁ ነው» አለችኝ።

የሰፈሯ ቅጽ ተሞልቶ ክንዴ ሥር ነበር።

«በዚህ ሳምንት ኢንሻ አላህ» አልኳት።

እዚያው ቆማ አልነበር? ብጠይቃት ሁሉን አትነግረኝም ነበር? አልጠየቅኋትም።

ከወራት በኋላ ውጤቱ በስብሰባ ላይ ቀረበ። እጥረት ያለበት በካርታው ላይ ቀይ፣ የሌለበት አረንጓዴ ነው። የዘሃራ ሰፈር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የጥናቱ ኃላፊ ሁሉ ፊት እጄን ጨብጦ ከሁሉም የጠራው መረጃ የእኔ መሆኑን ተናገረ። የእውነት ቤት መልሱ ይዘበራረቃል፤ የእኔ የፈጠራ ቤቶች ግን አንድም አልተዘበራረቁም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አመሰግናለሁ አልኩ።

ጉድጓዱ ሌላ ሰፈር ተቆፈረ። እናቷ ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ ስትወጣ ከሩቅ ውሃ መቅዳቱ በሉባባ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ታረፍድ ነበር፤ ቆይታ ፈጽማ ተወችው። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች።

ያን ሰሞን ዘሃራ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «ኡስታዝ፣ ያኔ እኛ ሰፈር ባይመጡም ውሃ እንደሚቸግረን አልነገሯቸውም ነበር?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው እንጂ። ፈረንጅ መቼ ይሰማል?»

አመነችኝ። «አላህ ይስጥዎት። እርስዎስ ለፍተውልን ነበር» ብላ መረቀችኝ።

ከቅጹ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ምርቃት ነው። የልጅቷን ትምህርት ቀምቼ እናቷን አስመረቅሁ። ጥፋቴንም በፈረንጆቹ ላይ ደፈደፍኩ። እነሱ መንግሥትን የመከሩት እኮ እኔ በሰጠኋቸው መረጃ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዘሃራ በሕይወት አለች፤ ቤቷንም አውቀዋለሁ። ለእናንተ የጻፍኩት ፊቷ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ነው። ይህም ፍርሃት ነው፤ ንስሐ አትበሉት።