የሙሽሪት ጣሪያ

ልጅ ሳለሁ የአጎቴ የከድር ተረት ያለ እኛ ጉሮሮ አይንቀሳቀስም ነበር። አጎቴ ከቴፒ ጅማ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ አባታችን ሲሞት እኔንና ታላቅ ወንድሜን ወስዶ ያሳደገን እሱ ነው። ከመንገድ በገባ ቀን ጎደሬው ፍም ውስጥ ተቀብሮ፣ የፋኖሱ ክር ዝቅ ብሎ፣ የቡና ገለባ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው ዙሪያውን እንኮለኮላለን። ያኔ እሱ እንደ ሌላው ሰው «ተረት ተረት» አይልም። ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ዘርግቶ «ሞተሩ ይነሳ!» ይላል፤ እኛም «እምምምም» እንላለን። ድምፃችን እስካለ ተረቱ ይሄዳል። አንዳችን ከሳቅን ወይ ካወራን «ሞተሩ ጠፋ» ብሎ ብድግ ይላል። በቃ፣ ወላሂ ብታለቅሱም አይቀጥልም።

ከሁሉም የምንወደው የሙሽሪትን ነበር። ሙሽሪት የጭነት መኪናው ስም ናት፤ ግንባሯ ላይም ተጽፎ ነበር። በጎጀብ ቁልቁለት በጭጋግ ስትወርድ አንድ ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ ጣሪያዋ ላይ ይወድቃል፤ ጣሪያው ጎብጦ አጎቴን መቀመጫው ላይ ይጫነዋል፤ በሩ እንቢ ይላል። «ያኔ፣» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከጫካው አንድ ነገር ኮሽ፣ ኮሽ እያለ መጣ...»

እዚህ ላይ እጮሃለሁ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ። «ነብር ነው? ጅብ ነው? ንገረና!»

ሞተሩ ጠፋ። ወንድሜ በክርኑ ይደቁሰኛል። በሌላ ቀን ደግሞ ከመነሻው፣ እኔም ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ። አንዳንዴ ጅማ ይዞን ሲሄድ ያ ቁልቁለት ላይ፣ ዛፍ ብቻ ባለበት፣ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ይነፋል። «ለማን ነው?» ስለው «ሞተር ሳይነሳ ተረት የለም» ይለኛል። ለዝንጀሮ ነው ብዬ ተውኩት።

ተረቱ ሳያልቅ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ የራሴን ቡና ለቅሜ የማደርቅ ሴት ሆንኩ። ሙሽሪትም ተሸጠች። አምና የአጎቴ ዓይን ጭራሹን ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም አለ። ያ ወሬኛ ሰው! «ምን ላምጣልህ?» ስለው «ምንም»፤ «ምን አለህ?» ስለው «ምንም»። ጅማ የምትኖረው ሴት ልጁ ወስዳ ልታኖረው ወሰነች፤ ሦስት ሳምንት ቀረው።

ዕቃውን ስንሸክፍ የወንድሜ ልጅ ሃያት ከብረት ሳጥኑ ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን አወጣች። ላዩ ላይ የትንሽ ጭነት መኪና ሥዕል አለው፤ ቀለሙ ለቋል። ድሮ በትልቁ የቡና እርሻ መኪና ያድስ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለአጎቴ የሰጠው ነው፤ ገጣጥመው የሚሠሩት የፕላስቲክ መኪና። አጎቴ ከፍቶት እንኳ አያውቅም።

«አክስቴ፣» አለች ሃያት፣ «ይሄን ሙሽሪት አደርገዋለሁ። ዓይኑ ባያይ እጁ ያያል። ምናልባት ያናግረን ይሆናል።»

«ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«ሦስት ሳምንቱ ከበቃኝ።»

«መዳፍ ለምታህል መኪና! ሰው በሦስት ሳምንት ቤት ያቆማል እኮ!»

ልርዳት አልኩ። ክፍሎቹ በሙሉ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ልክ እንደ ቡና ፍሬ ተንጠልጥለዋል። የቡና ለቃሚ እጅ ደግሞ የተንጠለጠለ ፍሬ አይቶ አያልፍም። እሷ ምላጭ ልትገዛ ወጣ ስትል ልቅም አድርጌ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩላት። ለካ የየክፍሉ ቁጥር የተጻፈው ዘንጉ ላይ ኖሯል!

ተመልሳ ሰፌዱን ስታይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «አክስቴ... የትኛው የቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ሁሉም ነጭ ነው!»

ሁለት ቀን ሙሉ ከመመሪያው ሥዕል ጋር እያስተያየች ለየቻቸው። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። እሱ ነው ያቃጠለኝ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ፍተጋው መጣ። በብርጭቆ ወረቀት አንዲት በር ስትፈትግ ትውላለች። ጥፍር የማታህል ነገር በወረንጦ ይዛ፣ ማስቲሽ ነክታ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። «አሁን ይሄን ማን ያየዋል?» ስላት «እጁ» ትለኛለች። ከሣጥኑ የወጣው የሚለጠፍ ጽሑፍ አርጅቶ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲፍረከረክባት፣ ክር በማስቲሽ እያጣበቀች «ሙሽሪት» ብላ ግንባሯ ላይ ጻፈች፤ በጣት እንዲነበብ። የኋላዋን ቆርጣ በስንጥቅ ቀርቀሃ ረጅም የጭነት ሳጥን ሠራችላት። በእውነተኛዋ ሙሽሪት መስታወት ላይ ይንጠለጠል የነበረውን ዓይነት ዘርፍ ከሻርፔ ጫፍ ቆርጣ ሰቀለችላት፤ ሳታስፈቅደኝ!

ቀለም ሲደርስ እኔና ወንድሜ ተጣላን። እሱ አረንጓዴ ነበረች ይላል፣ እኔ ሰማያዊ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለማያይ ሰው!» አለች ሃያት።

«እኛስ አናይም?» አለ ወንድሜ ተቆጥቶ። ሰማያዊ ተቀባች። የጮኸ ያሸንፋል።

አርብ ደረሰ፤ አጎቴ የሚሄደው እሑድ ነው። የቴፒ ዝናብ ደግሞ ነገር ያደርቃል? ቀለሙ በነካሁት ቁጥር ጣቴ ላይ ይቀራል። ሃያት «አትንኪው፣ በራሱ ይደርቃል» ብላ ወጣች። እኔ ግን የቡና ማድረቂያ የሽቦ አልጋ ያለኝ ሴት ነኝ። ስንት ኩንታል ቡና አድርቄ አንድ ጣሪያ ያቅተኛል? ጋቢናውን ወስጄ ከቡናው ጎን ሽቦው ላይ አሰጣሁት። ካፊያ ጣል ሲያደርግ ለቡናው እንደማደርገው ጥቁር ላስቲክ አለበስኩትና ነፋስ እንዳይገልጠው ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ገበያ ሄድኩ። ፀሐይ ወጣች።

ስመለስ ፕላስቲኩ ከሙቀቱ ልሟል፤ ድንጋዩ በግራ በኩል ጣሪያውን አስርጉዶት ተቀምጧል።

ሃያት አየችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ይሄ ሣጥን እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው አክስቴ፣ ሌላ ከየት አመጣለሁ?» ስታቃናው ሊሰነጠቅባት ሆነ፤ ተወችው። እኔም የማድረቂያ አልጋዬን ልሰባብረው ቃጣኝ። «አትስጪው፣ ደብቂው» አልኳት። «እሰጠዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን እያበሰች።

እሑድ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ መኪናዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እጁ መጀመሪያ ፈራ። ከዚያ ጎማዋን ነካ፣ ቀርቀሃውን፣ ዘርፉን። ክሩን በጣቱ ተከተለው፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣና ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«አጎቴ፣ እሱ እንኳ...» ብዬ ልናዘዝ ስጀምር፣

«በግራ በኩል እንደወደቀ ማን ነገራችሁ?» አለ። ከ«ምንም» ሌላ ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ወሩ! «ዛፉ። በግራ በኩል ነበር። ልክ እዚህ ጋ።»

 እሱ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ሞተሩ ይነሳ!»

ወንድሜ ጀመረ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ሃያትም ሳይገባት አገዘችን። የአጎቴ ልጅ ሻንጣ ይዛ በር ላይ ደርቃ ቀረች። «ከጫካው አንድ ነገር ኮሽ፣ ኮሽ» ሲል የሻርፔን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ። እምምምም።

ኮሽ ያለው ማር ሊቆርጥ የወጣ ሽማግሌ ነበር። መጥረቢያ ይዟል፤ ቋንቋ አይግባቡም። ዝም ብሎ ዛፉን መቁረጥ ጀመረ፤ እስኪመሽ ቆርጦ አጎቴን አወጣው። አጎቴ ብር ሲሰጠው እጁን አራገበ። ወደ ክላክሱ ብቻ ጠቆመ። አጎቴ ቢፈቅድለት ሦስት ጊዜ ነፋው፤ እንደ ሕፃን ሳቀና ጫካው ውስጥ ገባ።

«ስሙን አልጠየቅሁትም፣» አለ አጎቴ። «ስለዚህ በክላክስ ነው የምጠራው።»

ይኸው ነው። ነብር የለም፣ ጅብ የለም። አንድ ማታ አፌን ብዘጋ ኖሮ ያኔ ያልቅ የነበረ ነገር! ሃያትን ስንት ቀን «ቶሎ በይ» እያልኩ አነደድኳት፤ ችኩሏስ እኔ፤ ፍሬውን ሳይበስል የምለቅም፣ ቀለሙን ሳይደርቅ የምነካ፣ ተረቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የምጮህ። የድንጋዩን ነገር ለአጎቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ይህን የሚያነብ ሰውም እንዳያነብለት አደራ።

ማታ ልጁ ከጅማ ደወለች። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ አጎቴ ሹፌሩን ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስነፋው አለችኝ። ሹፌሩም ዛፉን ሁሉ ቃኝቶ «ለማን ነው አባቴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለውና፣ መኪናዋን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ከመነሻው ጀመረለት።