አክስቴ ያላስጨረሰችን ፊልም

ነፍሷን ይማርና፣ አክስቴ የፊልም መጨረሻ አሳይታን አታውቅም። ዐረብ አገር፣ ባውሽሪዬ በሚባል ሰፈር አራት ሆነን በተከራየናት ክፍል፣ እሑድ እሑድ የቱርክም የሕንድም የፈረንሳይም ፊልም የምትመርጥልን እሷ ነበረች። ቋንቋውን ባታውቅም የተዋናዮቹን ፊት እያየች ትተረጉምልናለች። የተጣሉት ፍቅረኞች ታርቀው ሲተቃቀፉ ቴሌቪዥኑን ድርግም ታደርገዋለች።

«አክስቴ፣ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል እኮ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ታርቀዋል! ሌላው ምን ያደርግላችኋል? ያላ፣ ምሳ አቅርቡ!»

አርባዋ ከወጣ በኋላ በጣም የምትወደውን የፈረንሳይ ፊልም ከፈትን። የሚያጠፋብን ስለሌለ እስከ መጨረሻው አየነው። ስንት ጊዜ ከፍቅረኛው ሲታረቅ ያየነው ሰውዬ ለካ መጨረሻ ላይ ይሞታል! ክው አልን፤ ከዚያ በሳቅ ፈረስን።

አብራን የምትኖረው ሰናይት እንባዋን እየጠረገች፣ «አየሽ፣ አክስትሽ ብትኖር ይሄ ሰውዬ አይሞትም ነበር» አለችኝ።