ለቋሚ ሰው የተጻፈ መርዶ

ዞርኒጻን ክፉ ናት የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ያደረገችውን ግን ክፉ ሰው እንኳ ቢሆን ሁለቴ ሳያስብ አያደርገውም።

የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ናት። ያደገችው ዳኑብ ወንዝ ዳር ነው፤ አክስቷ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በየበሩና በየዛፉ ግንድ የተለጠፈውን የመርዶ ወረቀት ቆማ ሳታነብ አትመለስም ነበር። ጥቁር ጠርዝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ከታች ደግሞ ሐዘንተኞቹ እነማን እንደሆኑ። ዞርኒጻ ይህን አጻጻፍ ማንም ሳያስተምራት ነው የምታውቀው።

በየካቲት መጨረሻ፣ ሰኞ ዕለት፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የግቢውን ራዲዮ እዘጋለሁ አለ። ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነው ተባለ። ልጆቹ ግን ያውቃሉ። ምርጫ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ራዲዮው ደግሞ ትልቁ አዳራሽ ለአንድ ፓርቲ ቅስቀሳ በነፃ መሰጠቱን ተናግሮ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት የተማሪዎቹ ኮሚቴ ካፌ ውስጥ በቦሎቄ ሾርባ ዙሪያ ተሰበሰበ።

"ቀልብ የሚስብ ሥራ ያስፈልገናል" አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስፓስ። የሕግ ተማሪ ነው፤ ሾርባ ሲጠጣም ንግግር የሚያደርግ ዓይነት ልጅ። "ፊርማ ማሰባሰብ ማንም አያየውም።"

"የመርዶ ወረቀት እናውጣለት" አለች ዞርኒጻ።

"ለማን?"

"ለራዲዮው ነዋ።"

"ራዲዮ ፊት የለው፤ ፎቶ ከየት ልታመጪለት ነው?"

ፎቶማ አላት። ጋሽ ሜቶዲ ሩሴቭ የራዲዮው ቴክኒሻን ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት እዚያች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት "ተነሡ እናንተ ሰነፎች፣ ፈተና እየተኛ አይጠብቃችሁም" የሚለው ድምፅ የሳቸው ነው። ግቢው ውስጥ ራዲዮውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ሜቶዲን ክፈተው" ነው የሚባለው። ለዞርኒጻ የመጀመሪያዋን ማይክራፎን ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ድምፅ መቁረጥ ሲያስተምሯት እንዲህ አሏት፦ "ልጄ፣ ቃሉን ብትቆርጪ ቁረጪ፤ የሰውየውን ትንፋሽ ግን አትንኪበት። ትንፋሹ ከሄደ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።"

ያን ሰሞን ጋሽ ሜቶዲ ግቢ የሉም። የእናታቸውን ወይን ሊገርዙ አገር ቤት ወርደዋል፤ መንደሩ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ስልካቸው አይሠራም። ዞርኒጻ ልጠይቃቸው ብትልም መንገድ አልነበራትም፤ እውነቱን ለመናገር ልጠይቃቸው ብላም አላሰበችም።

"ተመልሰው ሲያዩት በሳቅ ነው የሚሞቱት" አለች። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው።

ስቱዲዮ ውስጥ ሲስቁ ያነሳቻቸውን ፎቶ ወሰደች። አንገታቸው ላይ ያለውን ማዳመጫ ቆርጣ አወጣችው፤ የመርዶ ፎቶ ላይ ሸሚዝና ኮሌታ ነው የሚታየውና። ስም የሌለው መርዶ ጎደሎ መሰላትና ስማቸውን ጻፈች። ዕድሜ ከሚለው ላይ የራዲዮውን ዕድሜ፣ አርባ ስድስት አለች። "በየጠዋቱ የቀሰቀሰን ድምፅ ዝም አለ። ሐዘንተኞች፦ ተማሪዎቹ።" ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በግቢው ውስጥ አርባ ቦታ ተለጠፈ።

አራት ሰዓት ላይ የከተማው የዜና ድረ ገጽ ፎቶውን አወጣው፦ "ተወዳጁ የራዲዮ ሰው ገና በአርባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።" ከሥሩ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ይስቃሉ። ዞርኒጻ ክፍል ውስጥ ሆና ስታነበው መጀመሪያ ሳቀች። አንድ ሰው ደውሎ ቢጠይቅ እኮ ያበቃ ነበር፤ ሦስት ምንጭ ሳታገኙ አትጻፉ እየተባለች ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረችው ለዚህ ነበር። ማንም አልደወለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳቋ ጠፋ። የተቃዋሚው እጩ "የራዲዮው መዘጋት ልባቸውን ሰብሮ ገደላቸው" ብሎ መግለጫ ሰጠ። የገዢው ፓርቲ እጩ ለመቅደም እንኳ ባይሆን ላለመቅረት ሲል የአበባ ጉንጉን ላከ። ከሁሉ ያስደነገጧት ግን የራሷ መምህር ናቸው፤ የዜና ሥነ ምግባር የሚያስተምሩት። በከተማው ራዲዮ ቀርበው "ባለፈው ሳምንት አግኝቻቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አላማረኝም" አሉ። ጋሽ ሜቶዲ ባለፈው ሳምንት እንደ ፈረስ ጤነኛ ነበሩ። ዞርኒጻ ክው አለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

ያኔ ነው የሰውየው እናት ትዝ ያሏት። እማማ ቪዳ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ያላቸው ልጅ አንድ ሜቶዲ ብቻ። ጋሽ ሜቶዲ ስለ እሳቸው ሲያወሩ "እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የምታምነው ቴሌቪዥን ነው" ይሉ ነበር። ዞርኒጻ የሰውየውን ስልክ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞከረች። የመንደሩ አስተዳደር ስልክ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። የመንደሩ አውቶቡስ በቀን አንዴ ብቻ፣ ማለዳ ነው የሚሄደው።

ሮጣ ሄዳ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወረቀቱን ልትነቅል እጇን ዘረጋች። የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ፔንካ እጇን ያዟት።

"የሙት ወረቀት በሰው እጅ አይነቀልም፤ ዝናብ ነው የሚያነሳው። እናትሽ አልነገረችሽም?"

"አልሞቱም እኮ ወይዘሮ ፔንካ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሴትዮዋ እጇን ለቀቁና አማተቡ። "ላልሞተ ሰው? እንግዲያውስ ከሙት ወረቀትም የባሰ ነው። እኔ አልነካውም፤ አንቺም ፊቴ አትንኪው።"

ግቢው መሐል ሁለት ሺህ ተማሪ ተሰብስቦ ሻማ አብርቷል። ዞርኒጻ ስፓስን ከሰው ነጥላ ያዘችው።

"ስፓስ፣ ንገራቸው።"

"አብደሻል? የዩኒቨርሲቲው ሬክተር አሁን ደውሎልኝ ነበር። ራዲዮው አይዘጋም፤ በጋሽ ሜቶዲ ስም መታሰቢያ ይሆናል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ይፈረማል።"

"ሰውየው በሕይወት አሉ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ። ነገ አራት ሰዓት ድረስ ዝም በይ ነው የምልሽ። ከዚያ በኋላ ቢነሡ እልል ነው የምንለው።"

"እናታቸውስ?"

ስፓስ መልስ ነበረው፤ መልስ አጥቶ አያውቅም። "ነገ አራት ሰዓት ሩቅ አይደለም" አለ። ትናንት ከአንድ ድስት ሾርባ የጠጣችው ልጅ ይህ መሆኑን ማመን አቃታት።

ጥላው ሄደች፤ ቀጥታ ለቅሶውን ሊቀርጽ ወደ መጣው የቴሌቪዥን ካሜራ። ጋዜጠኛዋ "ያውቋቸው ነበር?" ስትላት እንባዋ ቀደማት። ቢሆንም ሁሉንም ተናገረች። አልሞቱም አለች፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት አለች፤ እባካችሁ እናታቸው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ውሸት ነው በሉልኝ አለች። ጋዜጠኛዋ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነቻት፣ ገመዷን ጠቅልላ ሄደች። ዞርኒጻ ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ዜናው መጣ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ታለቅሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የላትም። በድምፅዋ ምትክ የሐዘን ሙዚቃ ገብቶበታል። ከታች "ተማሪዎቻቸው በእንባ ተሰናበቷቸው" ይላል። ውሸቱ ምስክር ጎድሎት ነበር፤ ምስክሩ እሷው ሆነች።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አውቶቡስ ያዘች። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የእማማ ቪዳን ቤት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የመንደሩ ሊቀመንበር ደግ ሰው ነውና ከኢንተርኔት አትሞ በራቸው ላይ በሊጥ ለጥፎታል። ጥቁር ጠርዝ፣ የሳቀ ፊት፣ አርባ ስድስት። የራሷ ጽሑፍ ነው። በሩን ገፋችው።

ጋሽ ሜቶዲ ማእድ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። እናታቸው ጎናቸው ናቸው፤ በሁለት እጃቸው የልጃቸውን እጅጌ ጨብጠዋል። ምድጃው ላይ ለሙት የሚቀቀለው ስንዴ በድስቱ እንዳለ ቀዝቅዟል።

"ነይ ግቢ" አሉ ጋሽ ሜቶዲ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። "ትናንት ከጎረቤት ጋር ስንገርዝ ውለን እሱ ቤት ወይን ልንቀምስ ገባን። እናቴ ብቻዋን ነበረች። ስመለስ ስንዴ እየቀቀለች አገኘኋት፤ ስታየኝ ወደቀች። ከነቃች ጀምሮ አልለቀቀችኝም። ስተኛም እንደያዘችኝ ነው።"

እማማ ቪዳ ዞርኒጻን ትክ ብለው አዩዋት። "አንቺ የትናንቷ ነሽ። ያለቀስሽው።"

"አዎ እማማ።"

"እኔ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። ይበላል፣ ይናገራል፣ ያስነጥሰዋል። ግን አይኔ ደክሟል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ቤቱን ዞሮ ይሰናበታል ይላሉ። ያንቺ እንባ የውሸት እንባ አልነበረም፤ እኔ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ልጄ ሞቷል?"

ዞርኒጻ ተንበረከከች። "አልሞቱም እማማ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ለራዲዮው ብዬ ነው። አልሞቱም እያልኩ ነበር የማለቅሰው።"

"እሱን አልሰማሁም።"

"ድምፅዋን ቆርጠውባታል፣ እማዬ" አሉ ጋሽ ሜቶዲ።

አሮጊቷ እጅጌውን ሳይለቁ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እሷስ ያንተን አልቆረጠችም?"

ዞርኒጻ ወለሉን አየች።

"ወረቀቱን ያመጣ ሰው ይንቀለው" አሉ እማማ ቪዳ። "ሌላ ሰው አይነካውም ብያለሁ። እኔም ቆሜ ነው የማየው።"

ሦስቱም ወጡ። ሊጡ ሌሊት ደርቆ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል፤ በጥፍሯ እየፋቀች ነበር። ኮሌታው ተነሳ፣ ስሙ በግማሽ ተነሳ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ይህ ሸለቆ ኔትወርክ የሚያገኘው በሩ ላይ ብቻ ነው ለካ። ስፓስ ነው። እጇ ሊጥ ስለሆነ ጋሽ ሜቶዲ በነፃ እጃቸው አነሱት።

"ሃሎ። ሟቹ ነኝ።"

ከወዲያ ማዶ የስፓስ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ፣ አክብሮት የተሞላ። "ጋሽዬ፣ እንኳን በሕይወት ኖሩልን። ሬክተሩ ብዕሩን ይዟል፣ ካሜራውም ገብቷል። እባክዎን ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ እንደሞቱ ሊቆዩልን ይችላሉ?"

ጋሽ ሜቶዲ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁትና አፍጥጠው አዩት። በስልሳ አንድ ዓመታቸው ብዙ ነገር ተለምነዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩባት ስቱዲዮ ነገር ነው፤ ለአፍታ ያሰቡ መሰሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዞርኒጻ አፍ አስጠጉት።

"ጋዜጠኛዋ አንቺ ነሽ። መልሺለት።"

ዞርኒጻ የእማማ ቪዳን ጣቶች አየች፤ እጅጌው ላይ ነጭ እስኪሆኑ ተጨብጠዋል።

"አይችሉም" አለች። "እናታቸው ይዘዋቸዋል። ለሰዉ ሁሉ ንገር፣ ለሬክተሩም ንገር፤ አንተ ካልነገርክ አሁኑኑ ከዚሁ እኔ እደውላለሁ።"

ራዲዮው ያን ቀን ሳይፈረምለት ቀረ። ሬክተሩ ሟቹ በሕይወት መኖራቸውን ሲሰማ ብዕሩን ከደነው አሉ። ዞርኒጻ ግን ይህን የሰማችው ከሰዓት በኋላ ነው። ብዕሩ ሲከደን እሷ ወደ በሩ ተመልሳ የቀረውን ስትፍቅ ነበር፤ አሮጊቷ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትነሳ ድረስ ከጀርባዋ ቆመው ጠበቁ።