ቆሻሻ የዋጠው ዓሣ

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬን ጠራርጌ፣ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ቋጥሬ ቦዩ ዳር አስቀመጥኩና ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። ታናሽ እህቴ ሄለን ሰዓሊ ናት። አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ወንዙ ውስጥ ከተጣለ ፕላስቲክ ትልቅ ዓሣ ሠርታ፣ «መጥተህ ካላየኸው ወንድሜ አይደለህም» ብላኛለች። ነሐሴ ነው፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎርፍ እፈራለሁ። ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ገዛሁላት፤ ከዚያ በኋላ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው የነዳው።

ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ፒያሳ

ሳምቡሳ በማኪያቶ በላሁ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ይዘንብ ይሆን?» አልኩት አስተናጋጁን።

«አይዞህ ፋዘር፣ ስኳር አይደለህ፣ አትሟሟም!»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ትዝ አለኝና ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረድኩ።

ስድስት ሰዓት፣ እሪ በከንቱ

ዓሣው ሚኒባስ ያክላል። ከእግረኛ ድልድዩ ሥር በሁለት ገመድ ታስሮ፣ አፉን ወደ ላይኛው ወንዝ ከፍቷል። ሆዱ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንዙ ያመጣውን ይውጣል፤ ሰፈሩም የጣለውን ቆሻሻ በዓይኑ ያያል። ሄለን ሦስት ወር ለፍታበታለች።

«እኔስ ፈራሁት፤ አፉን ከፍቶ ነው የሚያድረው» አሉኝ ቤታቸው ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ወንዙ ዳር ያለው እትዬ ዘይነባ። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከአልጋ አይወርዱም።

ዘጠኝ ሰዓት

ዝናቡ ወረደ። ወዲያው ከየበሩ ሰው ማዳበሪያ እየያዘ ብቅ ብቅ አለ። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ ቆሻሻ ይጠራቀምና ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ወንዝ ውስጥ ይጣላል፣ ጎርፉ ይወስደዋል። እትዬ ዘይነባም ድልድዩ ላይ ወጥተው፣ በአሮጌ ሻሽ ያሰሩትን ማዳበሪያ «ቢስሚላህ» ብለው ወረወሩ። ይህን ሄለን አላሰበችውም። ዓሣው ሁሉንም ዋጠ፤ ጠገበ፤ ወንዙን ደፈነው።

ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ደረሰ። ቀጥሎ ቤት ገባ። ከእትዬ ዘይነባ ጋር ሮጠን ገብተን፣ ጋሽ ሰይድን ብብታቸውን ይዤ ላነሳቸው ስታገል፣ ሮጬ ብጠፋ ደስ ባለኝ ነበር። ውሃው ፍራሹን ነካ።

«ሄለን! ገመዱን ቁረጪው!» ብዬ ጮህኩ።

ድልድዩ ላይ ቢላዋ ይዛ ቆማለች፤ እጇ አልታዘዝ ብሏታል።

«የኔ ልጅ፣» አሉ ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔን ደግመሽ አትሠሪኝም!»

ቆረጠችው። ዓሣው በአንዱ ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ዳር ዞረ፤ ውሃውም እየጮኸ አለፈ። ሄለን እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ውሃው ሲጎድል አንድ ማዳበሪያ ደጃፉ ላይ ቀርቶ ነበር። እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ሻሹን ነካ አደረጉት።

«የእኔው ነው» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ወደ ማን ደጅ ስልከው ኖርኩ?»



እሑድ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ቤቴ ስደርስ ካፊያ ጀምሯል። ያስቀመጥኩት ማዳበሪያ ቦዩ ዳር የሚወስደውን ጎርፍ እየጠበቀ ነው። የትናንቱን ውሃ እንኳ ያን ያህል አልፈራሁም፤ ይህን ፈራሁት። አቅፌ ወደ ቤት አስገባሁት፤ ይሸታል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ከቦዩ ታች የማን በር እንዳለ አላውቅም።