በሐጂ በኩል የወደቀው ማሽን

ወልድያ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር እሸጣለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን ሰርቨር፣ ትልቅ ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ገዝቼ፣ የሚወስደው ሲጠፋ ውስጡን በፕሮግራም ለሁለት ከፈልኩት። እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ማጥፊያው የጋራ ሆኖ አንዱ ክፍል ቢወድቅ፣ ማለትም ሥራ ቢያቆም፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ግማሹን እኔ ያዝኩ፣ ግማሹን ከጎኔ ሆነው ካሴት ወደ ፍላሽ ለሚገለብጡት ለሐጂ ሰጠሁ። መርሳ ተወልደው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው።

የዚያን ዕለት የሚገለብጡት የሟች ባለቤታቸውን ዱዓ ነበር። ሌላ የድምጿ ቅሪት የላቸውም። ካሴቱ አለቀ ሲባል ቴፑ ክሩን በላው፤ ሐጂ የተቀዳውን ሳያስቀምጡት ደግሞ በእሳቸው በኩል ያለው ማሽን ወደቀ።

አዲስ አበባ ላለ ቴክኒሻን ደወልኩ።

"የእሳቸው ግማሽ ሲወድቅ ሚሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ ዲስክ ላይ እየጻፈ ነው" አለኝ። "ዳምፕ ፋይል ይባላል። ድምፁን ከዚያ ላወጣው እችል ይሆናል። እስኪጨርስ እንዳትነኩት። አንተ በራስህ በኩል ሥራ።"

"ሰሙ ሐጂ? እንዳይነኩት።"

"እኔ ምን ቆርጦኝ። ነካኪው አንተ ነህ፣ እጅህን ሰብስብ።"

ለሲሪንቃ ደንበኛ ሞኒተር ባጃጅ ላይ ልጭን ወጣሁ። ከላይ ቀብር እየመጣ ነበር። በእኛ መንገድ አስከሬን ሲያልፍ ቴፕ ይጠፋል፣ በር ገርበብ ይላል፣ ሻጭም ገዥም ይቆማል፤ የማንም ሟች ይሁን። እኔም ሞኒተሩን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። ሰርቨሩ ብቻ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከዚያ እሱም ቀጥ አለ።

ስገባ የሐጂ እጅ ማጥፊያው ላይ ነው።

"ጀናዛ እያለፈ እንዲህ ይጮኻል እንዴ?" አሉኝ። ፊቴን አዩና እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

ቴክኒሻኑ ግማሽ የተጻፈ ዳምፕ እንደማይከፈት ነገረኝ። "ደምስሱት፣ ዲስኩን በከንቱ ነው የያዘው።"

ያለኝን እንዳለ ለሐጂ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ምን ተሰማህ የሚለኝ ቢኖር፣ ምንም።

"ግማሹ ግን አለ?" አሉ።

"ፋይሉ አለ። ድምፅ አይሆንም።"

"እሷ ያለችበት ግማሽ ነው?"

"አይታወቅም፣ ሐጂ።"

"እንግዲያ አታጥፋው።"

መከራከር አላሰኘኝም። እሳቸው ጋ ቦታ ስላልተረፈ፣ በፍላሽ የምሸጣቸውን የህንድ ፊልሞች ደምስሼ ከእኔ ግማሽ ቆረስኩላቸው። አመሰግናለሁም አላሉ። የደንበኛ ካሴት አንሥተው ክሩን በእስክሪብቶ ማጠንጠን ጀመሩ።