አሠልጣኝ ሆኜ ሄጄ ሠልጥኜ የተመለስኩበት የሸዋ ሮቢት ሳምንት

እሑድ፣ ቁልቁል ወደ ቆላ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ በሚመዘግብ አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ቀን ተቀምጬ ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ላስጀምር ተልኬ ነበር። ጊዜው ቢፒአር የተባለው የቀድሞ የአሠራር ለውጥ ሰሌዳው ከየግድግዳው ሳይነሣ ካይዘን በላዩ ላይ የደረሰበት ነው። ብክነትን ማስወገድ፣ ባለጉዳይን አለማመላለስ፣ ደግሞም አምስቱ “ማ”ዎች፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ ሰርተፊኬት ይዣለሁና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር።

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ጉልበቴን ያዘኝ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር መንገድ ፍጥነት ነው ያለፈው። ደብረ ሲና ወርደን የስንዴና የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ፤ በሁለት ብር ኪሴ ሞላ። ከጎኔ የተቀመጠችው ነርስ አጣዬ ተመድባ የምትሠራ ናት። ኮቴንና ክራባቴን አየት አድርጋ፣ ክራባቱን ከአሁኑ ብፈታው እንደሚሻለኝ መከረችኝ። ሳቅሁባት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክራባቱም ኮቱም ሹራቡም ጭኔ ላይ ነበሩ፤ ሳቁ የእሷ ሆነ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቆላው ተዘረጋ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ማሾ፣ በየማሳው መካከል ውኃ የሚወርድባቸው ጠባብ ቦዮች፣ ወዲያ ማዶ ፓፓያና ማንጎ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ያረፍኩበት ሆቴል አልጋው ከነማራገቢያው ስልሳ ብር ነው። ሁለት ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ በላይ በላዩ ጠጥቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ሰባት በር

በሁለት ሰዓት ተኩል መሥሪያ ቤቱ ስደርስ በረንዳው ሞልቷል። ካይዘን ባለጉዳይን ተከተል ይላልና፣ አንድ ሰው መርጬ ወረቀቱ የሚሄድበትን ሁሉ ልሄድ ወሰንኩ። የመረጥኳቸው በዘንግ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሽ ሰይድ መሐመድ ይባላሉ። ክንዳቸውን የያዘችው ልጃቸው ዘይነባ ናት።

ጉዳያቸው ቀላል ነው። የይዞታ ደብተራቸውን ምስጥ በልቶታል። አዲስ ደብተር አውጥተው ግማሹን መሬት አብራቸው ለምታርሰውና ለምትጦራቸው ለዘይነባ በስጦታ ማዛወር ይፈልጋሉ። የቀበሌው ኮሚቴ ፈርሟል፤ ማስታወቂያው ተለጥፎ ጊዜው አልፏል፤ ተቃዋሚ የለም። የጎደለው መዝገብ ቤት ያለው ዋናው ፋይል ብቻ ነው። እሱ ጠፍቶ ስድስተኛ ጊዜ መመላለሳቸው ነበር።

ትንሽ ቢታገሡ እንደሚገኝ ልነግራቸው ስጀምር፣ ዓይናቸውን አጥብበው ፊቴን ፈለጉ።

“ልጄ፣ ትዕግሥትስ አለኝ። የሌለኝ ዓይን ነው። ግራው ሄዷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ የተማርኩት ለዚች ቀን ነው እላለሁ። ስሟን ደብተሩ ላይ እኔው ራሴ ላንብበው፤ ከዚያ በኋላ አላህ እንዳሻው።”

ወረቀታቸውን ተከትዬ ሄድኩ። ሰባት በር አንኳኳን። በየበሩ ፊርማ፣ በየበሩ “ይጣራ”። ሰባተኛው መዝገብ ቤት ነው፤ “ከሠራተኛ በቀር መግባት ክልክል ነው” የሚል ተለጥፎበታል። ተቆልፏል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እትዬ አሰለፈች ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ማጀቴ ሄደዋል። መቼ ይመለሳሉ? ረቡዕ። እስከዚያስ? የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ትከሻውን ሰበቀ። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሥልጠናው ላይ የተነገረኝ በሽታ ይኸው ተገኘ አልኩ። በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ የቆመ አገልግሎት!

ማክሰኞ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ኃላፊውን አሳምኜ መዝገብ ቤቱን አስከፈትኩ። ፋይሎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ አደራደራቸው ግን ምንም ሥርዓት የሌለው መሰለኝ። ሰይድ ከከበደ ጎን፣ ከበደ ከፋጡማ ጎን። አምስት ወጣት ሠራተኞች ይዤ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። አወረድን፣ አቧራ አራገፍን፣ በስም ፊደል ተራ ደረደርን፣ በየመደርደሪያው ነጭ ወረቀት ለጠፍን። ሙቀቱ አንገታችን ላይ ይወርዳል፤ እኛ ግን እየዘፈንን ነበር። ሲያልቅ ፎቶ አነሣሁ። አምሮ ነበር፣ ምን ያደርጋል።

የጋሽ ሰይድን ፋይል ልፈልግ ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰይድ መሐመድ አገኘሁ። በአያት ስም ልለይ ብል የገሚሱ አያት አህመድ ነው። አሥራ ዘጠኙንም ገልጬ የእሳቸው የሚሆን አጣሁ። ነገ ይገኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ፣ እትዬ አሰለፈች

የገበያ ቀን ስለነበር ግቢው ከወትሮው ይልቅ ሞላ። እትዬ አሰለፈች በጥፍራቸው ላይ የሠርጉ እንሶስላ ሳይለቅ ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ያገኙት ሣጥን ላይ ቁጭ ብለው፣ ይኼን ያደረገው ማን እንደሆነ ዝግ ብለው ጠየቁ። እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ አንተ የደረደርከው ሰው ነው። እኔ ደርድሬ የነበረው መሬት ነው።”

ነገሩን ያስረዱኝ ያኔ ነው። እዚህ ቆላ ስም ይደጋገማል፤ ማሳ ግን አይደጋገምም። ስለዚህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ፋይሎቹን እንደ መሬቱ አስቀምጠዋቸው ኖሯል፦ በቦይ በቦይ፣ አዋሳኝ ከአዋሳኝ ጎን። ከላይኛው ቦይ መነሻ ተነሥተህ በመደርደሪያው ብትሄድ ማሳ ለማሳ እንደ መሄድ ነው። እኔ በአንድ ቀን ቆላውን ሁሉ አፈራርሼ ከበደን ከማያውቀው ከበደ ጋር አጎራበትኩት።

ፊቴ ጋለ። በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት። ካይዘን ከማስተማርህ በፊት ሥራውን የሚሠራውን ሰው ጠይቅ ይላል፤ ይኼን ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ እሳቸውን ሁለት ቀን መጠበቅ እንዳቃተኝ ተናገርኩ። እትዬ አሰለፈች መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያተረፈኝ ያ ሳቅ ነው።

ቀጥዬ ጋሽ ሰይድን ከሠርጉ በፊት ለምን አምስት ጊዜ እንደመለሷቸው ጠየቅኳቸው። እሳቸውማ ሽማግሌውን አይተዋቸው አያውቁም! አምስት ጊዜ የደረሳቸው “የሰይድ መሐመድ ፋይል ይፈለግ” የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የየትኛው ማሳ እንደሆነ አይናገርም። ከሽማግሌው ጋር ያለያያቸው ያ የተለጠፈ ክልከላ ነበር።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? የእትዬ አሰለፈችን ጠረጴዛ አንሥተን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አወጣነው። ኃላፊው መጀመሪያ የመንግሥት ሰነድ ሜዳ ላይ መውጣቱ ከበደው፤ ሠራተኛ ብቻ እንዲነካው ተስማምተን ፈቀደ። ከዚያ ባለጉዳዩ በሙሉ፣ ጋሽ ሰይድና ዘይነባ፣ ሽንኩርቱን ሸጦ የመጣውም ሁሉ፣ በየቦዩ ተከፋፍሎ ተቀመጠ። እትዬ አሰለፈች ቦዩን ይጠራሉ፤ ገበሬዎቹ ከላይ ጀምረው ማን ከማን እንደሚዋሰን ይናገራሉ፤ እኛ ፋይሉን እናመጣለን። ሲሳሳቱ ይተራረማሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዱ ጎረቤቱን ሲዘል ጎረቤትየው ገና ከአሁኑ ወሰን ሊገፋ አሰበ ብሎ ግቢውን በሳቅ ገደለው።

ሦስተኛው ቦይ ላይ ስንደርስ እትዬ አሰለፈች ጋሽ ሰይድን በምሥራቅ የሚያዋስናቸው ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። ሟቹ አቶ ከበደ ነበሩ። እትዬ አሰለፈች ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ሁለቱ ወሰናቸውን በሽማግሌ የተስማሙ ጊዜ ውሉ አንድ ስለነበር ፋይላቸውም አንድ ላይ ተሰፍቶ ነበር። የከበደን ፋይል ከ“ከ” መደርደሪያ ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ። ውስጡ የጋሽ ሰይድ ፋይል አለ። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሐሙስና ዓርብ

ሐሙስ ሙሉ ቀን ፋይሎቹን በቦያቸው መለስን። በዚህ ጊዜ ግን ለእያንዳንዱ ቦይና ማሳ ቁጥር ሰጥተን፣ ንድፉንም ግድግዳ ላይ ሣልን፤ እትዬ አሰለፈች ሠርግ ቢሄዱ ሌላው ሰው ያገኘዋል። ሐሳቡ የእሳቸው ነው፤ ሁሉን በቃል መያዝ ደክሟቸው እንደኖረና የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ክልከላውን ራሳቸው ቀደዱት። ጠረጴዛቸው መግቢያው ላይ ሆነ፣ ሰባቱ በር ሦስት።

ዓርብ ረፋድ ላይ የጋሽ ሰይድና የዘይነባ ደብተሮች ተፈረሙ። ጋሽ ሰይድ የልጃቸውን ደብተር ይዘው ወደ ፀሐዩ ወጡ፤ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዘይነባ ልታግዛቸው ስትል ዝም በይ አሏት። ደግመው አነበቡ፤ በሦስተኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

“ዘይነባ ሰይድ መሐመድ። አልሐምዱሊላህ፣ ደርሼበታለሁ።”

ግቢው እልል አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

አንድ ኩንታል የሚያህል ማንጎ አሸክመው ሸኙኝ፤ ጣርማ በር ላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ለልጆቼ ማንጎ ሳድል፣ በሪፖርቴ ላይ የማክሰኞውን ፎቶ ስህተቴ ብዬ ላያይዘው ቆረጥኩ። ከጉዞው የተማርኩት፣ ሥርዓት የሌለው የመሰለኝ ነገር ያልጠየቅኩት ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ሪፖርቱን ከማስረከቤ በፊት ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ የእኛ መዝገብ ቤት አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመስኮት ብጣሽ ወረቀት እያቀበልኩ ፋይል የምቀበላት ሴት ቀና ብላ የትኛውን ፋይል እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ፋይል አልፈለግኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስሟን ጠየቅኳት።

ውብዓለም ትባላለች።