የተፈተጉት አማልክት

ቪንሰንቲ የብር ሳንቲሞቹን በባዶ እጅ ነክቶ አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ ባቡር ሲጠግን ኖሮ እጁ ከግራሶ ያልተለየ ሰው፣ እነሱ ዘንድ ሲደርስ እንደ ሙሽራ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ሳንቲም ስላችሁ የዳቦ መግዣ አይደለም። የጥንቶቹ የስላቭ አማልክት የተቀረጹባቸው፣ ለሰብሳቢ ተብለው የተሠሩ ናቸው፦ መብረቅ የጨበጠው ፔሩን፣ ፈትል የምትፈትለው ሞኮሽ፣ ቀንዳሙ ቬሌስ፣ ጢሙ መሬት የሚጠርገው የቤት ቆሌ። ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያጠቁሯቸዋል፤ ውበታቸውም ክብራቸውም ያ ጥቁረት ነው። በከተማችን በግኔዝኖ የሰብሳቢዎች ማኅበር አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የቪንሰንቲን ቁጣ ነው። «ብር አይፈተግም። የሚፈትግ ሰው ከእኛ ጋር አይቀመጥም።»

እንግዲህ የገዛ ሚስቱ ብሮንካ ፈተገቻቸው።

ብሮንካ ድሮ ነገር አዋቂ፣ ተጫዋች፣ በእሱ ስታሾፍ የምትውል ሴት ነበረች። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟታል። ጠዋት ጠዋት «ጌታው፣ ማንን ፈልገው ነው?» ትለዋለች ባሏን። «እርስዎን ነው እመቤቴ» ይልና ሻይዋን ይቀዳላታል። አንጀቱ እያረረ ይስቃል፤ ምን ያድርግ። በቅርቡ ጋዝ ከፍታ ረስታ፣ ልጃቸው ዶብሮኽና ናት ደርሳ የዘጋችው። «አባዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ነገር ካጠፋች መጦሪያ ትገባለች። አለቀ» ብላው ሄደች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፣ ፈርታ ነው። ቪንሰንቲ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም የለውም፤ ብሮንካ የሌለችበትን ቤት ማሰብ አቃተው።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። በዚያ ሳምንት ያልታጠበ መስኮት፣ ያልተወለወለ ማንኪያ በቤት መገኘቱ በእኛ በግኔዝኖ ሰዎች ዘንድ ነውር ነው። ቪንሰንቲ ነጭ ቋሊማ ገዝቶ ሲመለስ፣ ብሮንካ ሽርጥ ታጥቃ፣ ማንኪያዎቹን ጨርሳ፣ ሳንቲሞቹን ከየመያዣቸው አውጥታ በብሩሽና በጥርስ ሳሙና ስትፈትግ አገኛት። ፔሩን እንደ አዲስ የድስት ክዳን ያብለጨልጫል።

«ጥላሸት ነበር እኮ ፊታቸው» አለችው ደስ ብሏት። «እንዲህ ሆነው ፋሲካን ሊውሉ ነበር?»

ሊቆጣም ሊያለቅስም ጊዜ አላገኘም፤ በሩ ተንኳኳ። ዶብሮኽና ቤተ ክርስቲያን ወስዳ የምታስባርከውን የምግብ ቅርጫት ልትወስድ መጥታለች። ከኋላዋ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዜሞቪት፣ ሳንቲሞቹን ለኤግዚቢሽን ሊረከብ።

ዜሞቪት ጠረጴዛውን ሲያይ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ባርኔጣውን አወለቀ። «ማነው ይሄን ያደረገው?»

ዶብሮኽና ዓይኗን እናቷ ላይ ጣለች።

«እኔ ነኝ» አለ ቪንሰንቲ ቀድሞ።

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። ጥቁረታቸው ሰለቸኝ።»

«ለዚህ ስንቱን ሰው ስታባርር ኖረህ…» አለ ዜሞቪት። «ጃጀህ እንዴ? እንግዲህ በምን ፊትህ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ?»

«አልቀመጥም። ወንበሬን ለሌላ ስጡት።» ጆሮው ድረስ ቀላ፤ አንገቱን ደፋ። ከማኅበሩ ሌላ ጓደኛ አልነበረውም፣ ምስኪን።

ብሮንካ ብሩሹን አስቀመጠች።

«ውሸቱን ነው» አለች ዜሞቪት ላይ አፍጥጣ። «ቪንሰንቲ ነው ብር የሚፈትገው? የእኔ ቪንሰንቲ? እኔን እንኳ ሲያቅፈኝ እንደነሱ አይጠነቀቅልኝም። ባሌን እንዲህ አትናገረው። የፈተግኳቸው እኔ ነኝ።»

የባሏ ስም ከአፏ ከጠፋ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ ነበር። ቪንሰንቲ ወንበር በእጁ ዳብሶ ተቀመጠና እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ዜሞቪትም «ይቅርታ እመቤቴ፣ አላወቅሁም» ብሎ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

ዶብሮኽና ካፖርቷን አውልቃ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ያልተነካችውን ሞኮሽን አነሳች።

«እማዬ፣ ይቺ ቀርታብሻለች። ብሩሹን አቀብዪኝ።» ከዚያ ቀና ሳትል፦ «አባዬ፣ የመጦሪያውን ነገር ተወው። እየመጣሁ አብሬህ አስታምማታለሁ።»